ወደ ራቤል በሚወስደው መንገድ፤ ስለ አገር ማየትና ስለ ፎቶግራፍ ምስክርነት

መንገድ የሄደ ሰው ሁሉ አገር አየ አይባልም። ለመንግሥት ሥራ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ ወይም ለሙግት ጉዳይ ከአገር ወደ አገር የሚመላለስ ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከተመለሰ በኋላ ስላለፈበት ተራራና ወንዝ ቢጠየቅ፣ ከመንገዱ ድካምና ካደረበት ቤት ዋጋ በቀር የሚመልሰው ጥቂት ነው። ዐይኑ አይታለች፤ ልቡናው ግን አልመዘገበም። እኛ ቀኑን ሁሉ ከመዝገብ ጋር የምንውል የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለ ሆን፣ ያልተመዘገበ ነገር እንዴት ፈጥኖ እንደሚጠፋ ጠንቅቀን እናውቃለን። ስለዚህ በዕረፍት ቀኖቻችን የፎቶግራፍ ማንሻ ይዘን አገር መዞር ከጀመርን ብዙ ዓመት ሆኖናል። ዛሬም ለዚህ ገጽ አንባብያን ስለዚሁ ፍቅር፣ ይልቁንም መንዝን አቋርጦ ወደ ግሼ ራቤል በሚወስደው መንገድ ላይ ስላየነውና ስለ ሰማነው ነገር ልንጽፍ አሰብን።

ይህን ሥራ የጨዋታ ነገር ነው ብለው የሚንቁት ሰዎች አሉ። «የሰው ሥዕልስ ይሁን፤ ሰው ይሞታልና መታሰቢያ ይፈልጋል። ተራራው ግን የትም አይሄድ፤ ለምን ትደክማላችሁ?» ይሉናል። ጥያቄው ደግ ጥያቄ ስለ ሆነ መልሱን ከታሪክ እንጀምር።

የፎቶግራፍ ጥበብ በ1831 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ በፈረንሳዊው በዳጌር ስም ለዓለም ተገለጠ። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። ወደ አገራችን ለመድረስም ብዙ አልዘገየም። በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ፤ እነርሱም ጦሩ ያለፈበትን ተራራ፣ ሸለቆና የሰፈር ቦታ እያነሡ ሄዱ። ከዚያም በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሥራውን ተቀብለው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አደረሱት። የነገሥታቱና የመኳንንቱ መልክ፣ የበዓሉና የሰልፉ ግርማ በዚህ ትጋት ተጠብቆልናል። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው የአያት ሥዕልም ከዚሁ ልማድ የመጣ ነው። ነገር ግን ልብ ብሎ ለተመለከተው፣ በብዙዎቹ ሥዕሎች ውስጥ አገሩ ራሱ ከሰዎቹ ጀርባ የተዘረጋ መጋረጃ እንጂ ባለጉዳይ ሆኖ የቀረበ አይደለም።

እነዚያ የ1860 ዓ.ም. የዘመቻ ሥዕሎች ግን ማንም ያላሰበውን አገልግሎት ሰጡ። ቤልጂጋዊው የመሬት ሊቅ ያን ኒሰንና ኢትዮጵያውያን ጭምር ያሉባቸው ባልደረቦቹ፣ ፎቶግራፍ አንሺዎቹ የቆሙበትን ቦታ እየፈለጉ በዚያው ቆመው ያንኑ ተራራና ያንኑ ሜዳ እንደ ገና አነሡት። ከዚያም ሁለቱን ሥዕል ጎን ለጎን አድርገው መርምረው ያገኙትን ነገር በ2001 ዓ.ም. አሳተሙ። «ዱሮ አገሩ ሁሉ ደን ነበረ፤ በእኛ ዘመን ብቻ ተራቆተ» የሚለውን ቃል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን አድገናል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተነሡት እነዚያ ሥዕሎች ግን ሌላ ነገር ተናገሩ፤ ከ140 ዓመት በፊት መሬቱ በብዙ ቦታ የተራቆተ እንደ ነበረ፣ ዛፉና ቁጥቋጦው እንዲሁም አፈሩን የሚጠብቀው እርከን ከዚያ ወዲህ እንደ በዛ አሳዩ። ይህ ማለት በኢትዮጵያ ደን አልጠፋም ማለት አይደለም፤ የየቦታው ነገር ልዩ ልዩ ነውና። ነገር ግን ብዙ ሰው በአንድ ቃል የተስማማበት ወሬ፣ ዝም ብሎ በሣጥን ውስጥ በቆየ አንድ ሥዕል ሊረታ እንደሚችል ከዚህ እናያለን።

እንግዲህ ተራራው የትም አይሄድም ለሚሉን መልሳችን ይህ ነው። ተራራው ባለበት ይቆያል፤ መልኩ ግን ይለወጣል፤ መለወጡንም የሚናገርለት አፍ የለውም። ሥዕል ምስክር ነው። በችሎት ፊት ምስክር በቀረበ ጊዜ ግን ስሙ ይጠየቃል፤ ያየበት ቀንና ቦታ ይጠየቃል፤ ተገዶ ወይም ተደልሎ እንዳልመጣ ይጣራል። እነዚህ ያልተሟሉለት ምስክር ቃሉ ምንም ያማረ ቢሆን ለፍርድ አይጠቅምም። የአገር ሥዕልም ፍርዱ እንደዚሁ ነው። የት እንደ ተነሣ፣ መቼ እንደ ተነሣ ያልተጻፈበት ሥዕል ለዐይን ደስታ ይሆናል፤ ለልጅ ልጅ ግን ምስክር አይሆንም።

ይህን በልባችን ይዘን፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባችን ጋር በኅዳር ወር ወደ ራቤል ተነሣን። ኅዳር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ የክረምቱ ጉም ተገፎ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ የደጋው ገብስ ቢጫ ሆኖ ይታያልና። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ደብረ ብርሃን ደረስን። ይህችን ከተማ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከሰማይ የታየውን ብርሃን ምክንያት አድርገው እንደ ቆረቆሯት ታሪክ ይናገራል። ባልደረባችንም የካሜራውን መስተዋት እየወለወለ፣ «በብርሃን ለመጻፍ የወጣ ሰው በደብረ ብርሃን ማለፉ ደግ ምልክት ነው» ብሎ አሳቀን።

ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ሲሄዱ ጣርማበር ይደረሳል። ዋናው መንገድ ከዚያ ተራራውን ሰንጥቆ፣ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራው ዘመን ባስቆፈረው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ወደ መንዝ የሚሄድ ግን ወደ ዋሻው ሳይገባ በስተ ግራ ታጥፎ በደጋው ላይ ይቀራል። በዚያ መንገድ መዘዞን፣ ሞላሌንና መሐል ሜዳን አልፈን ሄድን። አገሩ ሰፊ ሜዳ፣ ድንገትም ጥልቅ ገደል ነው። በድንጋይ የተሠሩ ቤቶች፣ በቤቶቹ አጠገብ የተከመረ ኩበትና ጭድ፣ ጸጉራቸው የረዘመ የመንዝ በጎች፣ ባና የለበሱ እረኞች በየመንገዱ ይታያሉ። እንጨት የጎደለበት አገር ስለ ሆነ ማገዶው በብዛት ኩበት ነው፤ ማታ ማታ ሰማያዊ ጢስ ከየቤቱ ወጥቶ ነፋስ በሌለበት ሰዓት በመንደሩ ላይ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ይቆያል። የጢስ ሥዕል የወደደ ሰው ከሌላ ቦታ ይልቅ በዚህ ያገኘዋል።

ከመሐል ሜዳ ወደ ራቤል የሚወስደው መንገድ ጓሳ የሚባለውን አምባ ያቋርጣል። ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ይደርሳል። በስተ ምሥራቅ ያለው ውሃ ወደ አዋሽ፣ በስተ ምዕራብ ያለው ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ስለዚህ አንዲት የዝናብ ጠብታ ነፋስ ጥቂት ገፋ ቢያደርጋት መንገዷ ወደ አፋር በረሃ ወይም ወደ ግብፅ ይሆናል። በዚያም አድረን ሌሊቱን በብርድ አሳለፍነው። ጧት ስንነሣ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ነበር።

ፎቶግራፍ የሚወድ ሰው በጓሳ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ከመኝታው ካልተነሣ ግማሹን አጣ ማለት ነው። የምሥራቁ ገደል ወደ ቆላው ቁልቁል ይመለከታልና ፀሐይ ከታች ከአፋር ሜዳ በኩል ስትወጣ መጀመሪያ ብርሃኗን የሚቀበለው የገደሉ አፍ ነው። በዚያ ሰዓት ሌሊቱን በገደሉ ውስጥ ያደሩት ጭላዳዎች አንድ በአንድ እየወጡ በፀሐይ ይሞቃሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ እንስሳ ነው፤ ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ ያደረገ እርሱ ብቻ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ፍጥረት ሊቅ ሩፐል በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ አገራችን መጥቶ ስለ እርሱ ለአውሮፓ ሊቃውንት ጽፏል። ወንዱ በደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው፤ በትከሻው ላይ የሚወርደው ጸጉር ፀሐይ ከኋላው ስትመታው ጠርዙ እንደ ወርቅ ክር ይበራል። በመቶ የሚቆጠሩት በአንድነት ተቀምጠው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ የሚሰማው ድምፅ፣ ብዙ ሴቶች በአንድ ቤት ተሰብስበው ጎመን እንደሚቀነጥሱበት ድምፅ ነው።

በከፍታው አየሩ ስስ ስለ ሆነ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ብርሃኑ ይበረታል፤ ጥላውም እንደ ከሰል ይጠቁራል። ስለዚህ ከጧቱ 3 ሰዓት በኋላ ካሜራውን ወደ ቦርሳው መልሶ በዐይን ብቻ ማየት ይሻላል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ብርሃኑ እንደ ገና ይለዝባል። ሌሊቱ ብርድ ነውና ባትሪ ኃይሉ ቶሎ ይደክማል፤ ትርፍ ባትሪ በደረት ኪስ ከልብስ ሥር ቢያዝ ይበረታል። ጅብራም በዚያ በብዛት ይገኛል። ይህ ተክል ብዙ ዓመት በዝምታ አድጎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የአበባ ግንድ አውጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ይሞታል። ደርቆ የቆመውን ጅብራ ያየ እንግዳ የተቃጠለ ምሰሶ ይመስለዋል።

በሁለተኛው ጧት ቀይ ቀበሮ አየን። ይህም እንስሳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ቢቆጠሩ ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። ቀበሮዋ በጭላዳዎቹ መካከል አንገቷን ዝቅ አድርጋ በዝግታ ትሄድ ነበር፤ እነርሱም አልሸሹም። ይህን ነገር ሊቃውንት በጓሳ ላይ ለብዙ ጊዜ ተመልክተው በ2007 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት አስረድተውታል። ቀበሮ የምታድነው አይጥ ነው፤ በጭላዳ መንጋ ውስጥ ሆና ስታድን ከ100 ሙከራ 67 ጊዜ ያህል ይሳካላታል፤ ለብቻዋ ስታድን ግን 25 ጊዜ ብቻ ነው። ቀበሮዋም ይህን ጥቅም እንዳታጣ፣ የጭላዳ ግልገል በፊቷ እያለ ጥርሷን አታነሣበትም፤ መንጋውንም እንዳታስደነግጥ ሩጫዋን ትታ ቀስ ብላ ትራመዳለች። ለፎቶግራፍ አንሺ ከዚህ የተሻለ መምህር የት ይገኛል? እንስሳውን አሯሩጦ፣ በጩኸት አስደንግጦ ወይም በዳቦ ደልሎ የተነሣ ሥዕል ተገዶና ተደልሎ እንደ ቀረበ ምስክር ነው። በዝግታ ሄዶ፣ በንፋስ ፊት ተቀምጦ፣ እንስሳው ራሱ እስኪለምደው የቆየ ግን እውነተኛ ኑሮውን ያያል። በዚያ ጧት ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጠን ያተረፍነው ሥዕል ሦስት ብቻ ነበር፤ ሦስቱም ግን የቀበሮዋን አካሄድ በትክክል ይናገራሉ።

በዚህ መካከል የቦታው ጠባቂ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ እኛ መጡ። ሰላምታ ተሰጣጥተን፣ ከያዝነው ቆሎ አቀረብንላቸውና አብረን ተቀመጥን። ባልደረባችን በንፋስ የሚወዛወዘውን ሣር ለማንሣት ሲዘጋጅ አይተው ዝም አሉ። እኛም፣ «አባታችን፣ ሣሩን ብናነሣው ይከፋዎታልን?» ብለን ጠየቅናቸው።

«የለም ልጆቼ፤ አንሡት፤ ሣር በመታየት አያልቅም» አሉ። «ነገር ግን ከተማ ገብታችሁ ሥዕሉን ለሰው ስታሳዩ፣ ‹እግዚአብሔር እንዲሁ አብቅሎት የቀረ ነው› ብላችሁ አትንገሩ። ያበቀለውስ እርሱ ነው፤ ያቆየው ግን ሰው ነው። አባቶቻችን በሬያቸው ዐይናቸው እያየ ሲከሳ በረኃብ ዘመን እንኳ አልገቡበትም።»

ይህ ቃል ከዚያ ካመጣነው ሥዕል ሁሉ ይልቅ በልባችን ቀረ። እርግጥ ነውና፤ የጓሳ ነገር በተፈጥሮ ብቻ የሆነ አይደለም። እንደ አገሩ ሰዎች ትውፊት፣ አስቦና ጌራ የሚባሉት የመንዝ አባቶች ከያዙት ጀምሮ ጓሳ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር፤ ይህም ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ነው ይባላል። ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ ከሌላ ሊቅ ጋር በ1997 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ሥርዓቱን በዝርዝር ገልጸውታል። በአጽመ ርስት መብት ያላቸው ሰዎች አለቃ ይመርጣሉ፤ በእርሱም ትእዛዝ ሜዳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ተዘግቶ ይቆያል። አቅም ያለው ወንድ ሁሉ በተራ ወጥቶ ይጠብቃል። ሣሩ መድረሱ በታወቀ ጊዜ የሚከፈትበት ቀን በሕዝብ ፊት ይነገራል፤ መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከዚያም ከብቱ ገብቶ ይግጣል። ክረምቱ ሲመጣ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ አቦ፣ ማለት በሐምሌ 5 ቀን፣ እንደ ገና ይዘጋል። ከዚህ ሣር የቤት ክዳን፣ ገመድና ለዝናብ የሚለበስ ገሳ ይሠራል። በተከለከለ ጊዜ ያጨደ ሰው ቅጣቱ ከባድ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ የአጽመ ርስቱ መብት ፈረሰ፤ ከእርሱም ጋር የቄሮ ሥርዓት ቀረ። ባለቤቱ ሁሉም ሆነና ጠባቂ አጣ፤ ሣሩም ያለ ጊዜው ይታጨድ ጀመር። ነገር ግን ሕዝቡ ጉዳቱን አይቶ ዝም አላለም፤ ከየቀበሌው ሰው መርጦ ኮሚቴ አቁሞ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መለሰው። በ2004 ዓ.ም. ገደማም የክልሉ መንግሥት የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ብሎ በደንብ አጸናው። እንግዲህ እኛ በአንድ ጧት ያነሣናቸው ጭላዳና ቀበሮ፣ ብዙ መቶ ዓመት በትዕግሥት የተጠበቀ ሣር ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። መስተዋቱ ሣሩን ያያል፤ ትዕግሥቱን አያይም። በሥዕሉ ላይ የማይታየውን ነገር በሥዕሉ ጀርባ መጻፍ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

ከጓሳ ተነሥተን ወደ ሰሜን ስንቀጥል የግሼ ወረዳ ከተማ የሆነችው ራቤል ደረስን። ግሼ ቀድሞ ከመንዝ ጋር አንድ አውራጃ ሆኖ መንዝና ግሼ ይባል ነበር፤ በስተ ሰሜንም ከወሎ ምድር ጋር ይዋሰናል። ከታላላቅ ከተሞች የመጣ ሰው ራቤልን ሲያይ የሚፈልገውን ግርማ ላያገኝ ይችላል። የቆርቆሮ ቤቶች፣ ባሕር ዛፍ፣ እህል የጫኑ አህዮች፣ በቀዝቃዛ ነፋስ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ያነሡ ሰዎች ናቸው የሚታዩት። ሥዕል የሚወድ ሰው ግን እዚህም ሥራ አያጣም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ የድንጋይ አጥሮቹ እያንዳንዱ ድንጋይ ጥላ አውጥቶ በፊደል የተጻፈ ይመስላል፤ የገብሱም አውድማ በብርሃን ይሞላል።

በአንድ ደጃፍ ላይ አንዲት እናት የበግ ጸጉር ሲፈትሉ አየን። ባና የሚሠራው ከዚህ ጸጉር ነው፤ ሴቶቹ ይፈትሉታል፤ ከዚያም ተሸምኖ ይህን ብርድ የሚመልስ ልብስ ይሆናል። እንዝርቱ ሲሽከረከር፣ ጥቁሩ ጸጉር ከጣታቸው ሥር ክር ሆኖ ሲወጣ ማየት ደስ ያሰኛልና ፈቃዳቸውን ጠየቅን።

«እናታችን፣ እየፈተሉ ሳሉ ሥዕልዎን ብናነሣ ይፈቅዱልናል?»

እንዝርታቸውን አቆሙ። «ጌቶቼ፣ በዚህ መንገድ የሚያልፍ ብዙ ሰው ነው ያነሣኝ» አሉ። «አንዱ፣ ‹እልክልዎታለሁ› አለኝ፤ ሌላው እርሱንም አላለኝ። የእኔ መልክ በማን ቤት እንዳለ አላውቀውም። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከእርሱ ጋር ያነሡኝ ነበሩ፤ ሥዕሉ ግን የለኝም። እናንተ የምታመጡልኝ ከሆነ አንሡኝ፤ አለዚያ ክሬን ልጨርስ።»

ንግግራቸው ያለ ቁጣ ነበረ፤ ፍርድ ግን ነበረ። የእርሳቸውና የባለቤታቸው ሥዕል በማያውቁት ሰው ቤት፣ ምናልባትም «የደጋ ባላገሮች» ተብሎ በስም አልባ ተቀምጦ ይሆናል፤ ለአንዲት ባልቴት ግን በዓለም ላይ ያለ አንድ መታሰቢያዋ ነው። ባልደረባችን ስማቸውንና የሰፈራቸውን ምልክት በማስታወሻ ደብተሩ ላይ በፊታቸው ጻፈ፤ ከዚያም አነሣቸው። ሥዕሉ በወረቀት ታትሞ፣ በጀርባው ስማቸውና ቀኑ ተጽፎበት፣ ወደ ራቤል በሚመለስ ነጋዴ እጅ ከጥምቀት በፊት ደረሳቸው። ነጋዴውም በሌላ ጊዜ ሲመጣ ከእርሳቸው የተላከ አንድ ልቃቂት የተፈተለ ጸጉር አደረሰልን። በደመወዛችን ገዝተን ካመጣነው ዕቃ ሁሉ ይልቅ ይህ በቤታችን ተከብሮ ይኖራል።

የቤተ ሰብ ገጽ ነውና፣ ነገሩን ወደ ቤታችን መልሰን እንፈጽም። ዛሬ በየኪሳችን በምንይዘው ስልክ በአንድ ቀን የምናነሣው ሥዕል፣ ቀድሞ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ በዓመት ከሚያነሣው ይበልጣል። ብዛቱ ግን ምስክርነቱን አላጸናውም፤ ይልቁንም አንዱ በሌላው ሥር ተቀብሮ ቀኑም ቦታውም ይረሳል። ስለዚህ ከልጆቹ ጋር ወደ ትውልድ አገሩ የሚጓዝ አባት ወይም እናት ከመቶ ሥዕል ዐሥሩን መርጦ በወረቀት ቢያሳትም፣ ልጁም በገዛ እጁ ጽሕፈት የቦታውን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን የሚጠብቀውን ወይም የሚያርሰውን ሰው በጀርባው ቢጽፍ፣ ከብዙ ምክር የበለጠ ትምህርት ይሆነዋል። በየዓመቱ ወደዚያው ቦታ የሚመለስ ከሆነም፣ በቆመበት ድንጋይ ላይ ቆሞ ያንኑ ተራራ፣ ያንኑ ምንጭ ወይም የቤተ ክርስቲያኑን ዛፎች እንደ ገና ያንሣ። ዐሥር ዓመት ሲሞላ አገሩ እየለማ ወይም እየጠፋ መሆኑን ወሬ ሳይሰማ ያውቃል።

ወደ ጓሳና ወደ ራቤል መሄድ ለሚወድ ደግሞ ጥቂት ነገር እንጨምር። አስቀድሞ የመንገዱን ሰላምና ሁኔታ ከአገሩ ሰዎች ይጠይቅ። ወፍራም ልብስ ይያዝ። የጠባቂዎቹን ትእዛዝ ያክብር፤ እሳት አያንድድ፤ ጅብራና አበባ አይቁረጥ። ውሻ ፈጽሞ ይዞ አይሂድ፤ ቀይ ቀበሮን ከሁሉ ይልቅ የሚፈጀው ከቤት ውሾች የሚተላለፈው የእብደት በሽታና ሌላው ደዌ ነውና። ለጭላዳ ምግብ አይወርውር። ሰውን ከማንሣቱ በፊት ይጠይቅ፤ ካነሣም በኋላ ሥዕሉን ለባለቤቱ ያድርስ።

አገርን መውደድ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። የመንዝ አባቶች ግን ፍቅራቸውን የገለጡት የሚፈልጉትን ሣር በፊታቸው እያዩ ቀኑ እስኪደርስ እጃቸውን በመሰብሰብ ነው። እኛ በካሜራ አገር የምንዞር ሰዎች ከእነርሱ የምንማረው ይህንኑ መታገሥ ነው፤ ቀስ ብሎ መሄድን፣ በፈቃድ ማንሣትን፣ ያነሡትንም በስሙና በቀኑ መዝግቦ ለባለቤቱ መመለስን። እንዲህ የተደረገ ሥዕል ምናልባት ከ140 ዓመት በኋላ አንድ ያልተወለደ ሰው በእጁ ይዞት በዚያው ገደል አፍ ላይ ይቆም ይሆናል። ያን ጊዜ ጓሳው በቦታው ቢገኝ ሥዕሉ ጠባቂዎቹን ያመሰግናል፤ ባይገኝም ማን እንደ ጠበቀው፣ በማን ዘመን እንደ ጠፋ ይመሰክራል።